መልሶ መስበር

ምናለ ሚስቱን የብርጓልን በዘነዘና መትቶ መንጋጋዋን የሰበራት መሬት ለኪዎቹ ከመንደሩ በወጡበት ዕለት ነው።

ቤታቸው ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነበር። ምናለ ብርቱ ገበሬ ነው፤ ቁጡ እንደሆነም አገር ያውቃል። ከእርሱ ማሳ በታች ባሏ የሞተባት ወለተ ሐዋርያት የምትባል ሴት ታርሳለች። ባለፈው ክረምት ምናለ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እሷ በኩል ገፋ አድርጎ ተክሎት ነበር። ለኪዎቹ መጥተው ድንበሩ የት እንደሆነ ሲጠይቁ አዲሱን ድንጋይ አሳያቸው። ወለተ ሐዋርያት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች እንጂ አልተከራከረችውም። ከለኪዎቹ አንዱ ግን ማሳው ዳር ጎመን ትቀነጥስ የነበረችውን የብርጓልን ጠጋ ብሎ፣ "እህት፣ ድንበሩ ዱሮም እዚህ ነበር?" አላት።

"ዱሮ ከዚያች ብሳና ሥር ነበር" አለች የብርጓል። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ምናለ በሰው ፊት ፈገግ አለ። ለኪዎቹን እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘ፤ በደህና ግቡ እንኳ አላቸው። ሲመለስ የብርጓል ሙቀጫው ላይ ጎንበስ ብላ በርበሬ ትወቅጣለች። ዘነዘናውን ከእጇ ነጠቃት። "ይህ አፍሽ" አለና መታት። ድምፁን የሰማችው በጆሮዋ አልነበረም፤ ራስ ቅሏ ውስጥ ነው የተሰማት፣ ደረቅ ፍልጥ ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው። ስትወድቅ ሙቀጫው ተገልብጦ በርበሬው ፊቷ ላይ ፈሰሰ። ከአጥንቱ ይልቅ በዚያን ሰዓት ያንገበገባት የተቀደደው ከንፈሯ ውስጥ የገባው በርበሬ ነው። ምናለ ዘነዘናውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከብቶቹን ሊያስገባ ወጣ።

ለጎረቤት "በቅሎ ረገጠቻት" አለ። ምናለ በቅሎ እንደሌለው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የማን በቅሎ ናት ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ወጌሻ ተጠርቶ መጣ፤ መንጋጋዋን በቅቤ አሽቶ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረውና፣ "እግዜር ያውቃል፣ ይጠግጋል" ብሎ ሄደ።

ጠገገ፤ ግን ጠሞ ጠገገ። አገጯ ወደ ግራ ዞረ። የላይና የታች ጥርሶቿ መገናኘት አልሆነላቸውም። ቆሎ ቀረ፣ ሥጋ ቀረ፤ እንጀራውን በውኃ አርሳ በምላሷ ላንቃዋ ላይ እየደፈጠጠች ትውጠዋለች። ስታወራ ምራቅ ያመልጣታልና ማውራቱንም ቀነሰች። ልጃቸው አርሴማ ያን ጊዜ ገና ዳዴን የጨረሰች ሕፃን ስለነበረች ያደገችው ይህን ፊት እያየች ነው። ምናለ ጠጥቶ ሲገባ "አንቺ ጠማማ" ይላታል። መምታቱንም አልተወም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፊቷን አይነካም። ፊት ይታያል።

ከተመታች በሦስተኛው ዓመት የአባቷ ተዝካር ጉንደ ወይን በተደገሰ ጊዜ ነው ወንድሟ ባዘዘው ያያት። ባዘዘው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በርና አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው። ዳስ ውስጥ ከሴቶቹ ተለይታ፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ ጣሳ ውስጥ እንጀራ ስታርስ ደረሰባት።

"ምን ሆነሽ ነው?" አላት።

"በቅሎ…"

"በቅሎ ኖሯችሁ ያውቃል እንዴ?"

የብርጓል ጣሳውን መሬት አስቀመጠችና አለቀሰች። ባዘዘው ከዳሱ ወጥቶ ምናለን ፈለገው፤ ምናለ ግን አንዱን በሬ ሰበብ አድርጎ ቀድሞ ሄዷል። በማግሥቱ እህቱን ይዞ ደብረ ማርቆስ ገባ። አርሴማ ከምናለ እናት ዘንድ ቀርታ ነበርና ልጅቱን መውሰድ አልተቻለም።

ደብረ ማርቆስ ያዩዋት ሐኪሞች ወደ ባሕር ዳር ላኳት። እዚያ ያገኛት ዶክተር ፍሥሐ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያት።

"አጥንቱ በጠማማው ተጣብቋል። እንዳለ ሆኖ አይቃናም። በተሰበረበት በኩል መልሰን እንሰብረውና ቦታው ላይ አስቀምጠን በብረት እናያይዘዋለን።"

የብርጓል ራጁን ለረጅም ጊዜ አየችው። "ስትሰብሩኝ ነቅቼ ነው?"

"አይደለም። ተኝተሽ ነው፤ ምንም አይሰማሽም።"

"እንግዲያ ይሁን" አለች። "ያኔስ ነቅቼ ነበር።"

ዶክተሩ ባዘዘውን አየው። ባዘዘው መሬት መሬቱን አየ።

ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ አፏ አልከፈት አላት። ጉሮሮዋን ደም ደም ይላታል፣ አንድ አፍንጫዋ ተደፍኗል፣ ፊቷ ከትከሻዋ የሰፋ መሰላት። ጎንበስ ያለባትን ሰው ጥላ ስታይ ምናለ ነው ብላ አሰበች። በክርኗ ነርሷን ደረቷ ላይ መታቻት፤ የግሉኮሱን መርፌ ነቀለችው፤ ከአልጋው ልትወርድ ስትል ሁለት ሰው ይዞ አስተኛት። እጇን ይዘው ጥርሶቿን አስነኳት። የላዩና የታቹ በቀጭን ሽቦ እርስ በርስ ተጠፍረዋል። "አጥንቱ እስኪይዝ ነው፤ እንዳይነቃነቅ" አሏት። ማንም እንደማይመታት እስክታምን ድረስ ግን ብዙ ታገለች።

ከሆስፒታሉ ስትወጣ ዶክተር ፍሥሐ አንዲት ትንሽ የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ሰጣት። "ይህችን ከአጠገብሽ እንዳትለይ። ድንገት ካስመለሰሽና መተንፈስ ካቃተሽ ሽቦውን ቁረጪው። ከዚያ ውጪ እንዳትነኪው፤ አጥንቱ ገና ለጋ ነው።" ባዘዘው ፒንሳዋን በክር አሰራትና ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት።

ደብረ ማርቆስ፣ ባዘዘው ቤት፣ የምታስታምማት የወንድሟ ሚስት ሂዊ ነበረች። ሂዊ የከተማ ልጅ ናት፤ መጀመሪያ ላይ ደም ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር። ቀስ እያለች ለመደች። ሾርባውን በወንፊት አጥልላ በስሪንጅ ከጉንጯ ሥር፣ ከመጨረሻው ጥርስ ኋላ ባለችው ክፍተት ታንቆረቁርላታለች። የሐዋርያት ጾም ነበርና የብርጓል ወተት ሲመጣላት ፊቷን አዞረች። ሂዊ ከአጥቢያው ቄስ አስፈቅዳ ብትመጣም እምቢ ስላለቻት የገብስ አጥሚት ታቀጥንላት ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያ አጥሚት ትን አላት። እንዳትስል አፏ ታስሯል። አጥሚቱ በአፍንጫዋ ወጣ፤ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ጥፍሯን መደቡ ውስጥ ቀበረች። ሂዊ ፒንሳዋን ከአንገቷ ጎትታ ከንፈሯን ገለጠች፤ ፒንሳዋ ግን ሽቦውን ስታ ድዷን ቆነጠጠችው። የብርጓል በሕመሙ ወደ ፊት ተደፋች፤ በዚያው አጥሚቱ ከአፍንጫዋ ተንጠፍጥፎ አየር ገባላት። ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ሂዊ እስክትደክም አለቀሰች። የብርጓል እጇን ሂዊ ጭን ላይ አድርጋ መታ መታ አደረገቻት፤ ልጅ እንደሚያባብሉ።

እብጠቱ ጎደል ሲል መስታወት አመጡላት። አገጯ መሐል ላይ ነበር። ከተዳረች ወዲህ አይታው የማታውቀው ይመስል ፊቷን ዳሰሰችው። የታችኛው ከንፈሯ ደንዝዟል፤ ጣቷ ሲነካው የሌላ ሰው ከንፈር ነበር። መስታወቱን ለሂዊ መለሰችና ጥርሷ እንደታሰረ "አርሴማ" አለች። ሂዊ የታፈነ ንግግሯን መለየት ለምዳ ነበርና፣ "እናመጣታለን፣ እትዬ" አለቻት።

ክረምቱ በገባ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ምናለ መጣ። ብቻውን አልመጣም። የንስሐ አባታቸውን ቄስ ወልደ ሰንበትንና የመንደሩን ሽማግሌ ጋሽ አማረን አስከትሏል። ንጹሕ ጋቢ ለብሶ በእጁ ሽመል ይዟል። ዝናቡ ጋብ ብሎ ስለነበር ባዘዘው ጣውላ በሚልግበት ግቢ ውስጥ አግዳሚ ተዘረጋላቸው። የብርጓል ከሂዊ ጎን ተቀመጠች። ምናለ አያት። ፊቷ ገና ጠቆር ጠቆር ቢልም ተቃንቷል። ዓይኑን ቶሎ ነቀለ።

"የመጣነው ለዕርቅ ነው" አሉ ጋሽ አማረ። "ባልና ሚስት ናችሁ። እግርና እግር እንኳ ይጋጫል።"

"ዕርቁ ለምኑ ነው?" አለ ባዘዘው። "በቅሎ አይደል እንዴ የረገጣት? ከበቅሎዋ ጋር ነው የምታስታርቋት?"

ቄስ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ።

"ያለፈው አልፏል" አለ ምናለ። "እኔ በደለኛ ነኝ ካላችሁም ይቅርታ እላለሁ። ልጅቱ ግን በር በሩን እያየች ታለቅሳለች። ክረምቱን ዘር ላይ ነኝ፣ እናቴም አርጅታለች። እሷ ካልመጣች ቡሬ ላለችው እህቴ እሰጣታለሁ።"

የብርጓል የአርሴማን ነገር ስትሰማ ቀና አለች።

"አየሽ ልጄ" አሉ ቄሱ ለስለስ ብለው። "ልጅ ያለ እናት አይሆንላትም። ቤትሽ ተመለሺ። ዳግመኛ እጁን እንዳያነሣብሽ እኔ በግዝት አስራለሁ። ትመለሻለሽ?"

የብርጓል በተጠፈሩት ጥርሶቿ መሐል "አልመለስም" አለች። ደንዛዛው ከንፈሯ ቃሉን በላው፤ ከአፏ የወጣው "…መለስ…" የሚል የታፈነ ድምፅ ብቻ ነው።

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ አማረ፤ አንድ ጆሯቸው ከበድ ይላል።

"እመለሳለሁ አለች" አለ ምናለ።

"አላለችም" አለ ባዘዘው።

"አንተ ወንድሟ ነህ፤ የምትሰማው የምትፈልገውን ነው። እኔ ከሷ ጋር ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። እመለሳለሁ ነው ያለችው።"

የብርጓል ራሷን ወዘወዘች። መንጋጋዋን እንደ ጦር ወጋት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ሕመሙ ነው" አለ ምናለ። "አያችኋት፣ ደስ ብሏት ነው የምታለቅሰው።"

ቄስ ወልደ ሰንበት ቅርብ ነበሩ። የሰሙ ይመስላል። ግን የመጡበት መንገድ ሩቅ ነው፣ ዕርቅም ደግ ነገር ነው። መስቀሉን ወደ የብርጓል ዘረጉና፣ "እንግዲህ ቃሏን ሰጥታለች። ተሳለሚና ነገሩ ይለቅ" አሉ።

መስቀሉ ፊቷ ላይ እንደተዘረጋ የብርጓል ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ከአንገቷ ፒንሳዋን ሳበች።

"እትዬ፣ ተይ" አለች ሂዊ።

ከንፈሯን በአንድ እጇ ገልጣ ፒንሳዋን አስገባች። የመጀመሪያው ሽቦ ጠቅ ብሎ ተቆረጠ፤ የተቆረጠው ጫፍ ዘሎ ድዷን ወጋው። ሁለተኛውን ስትይዝ ደሙ ጣቷ ላይ እየወረደ አንሸራተታት። ጠርጋ ደገመችው። በግራም በቀኝም አንድ ባንድ ቆረጠች። ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ ጋሽ አማረ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሲያልቅ አፏን ለመክፈት ሞከረች። ዝጎ እንደኖረ ማጠፊያ አንድ ጣት ያህል ብቻ ተከፈተ። ደምና ምራቅ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

"አልመለስም" አለች። አሁን ሁሉም ሰማ። "በቅሎ የለንም፣ አባ። እርስዎም ያውቃሉ። በዘነዘና ነው የመታኝ። ድንበሩ የት እንደነበረ ስለተናገርኩ ነው።"

ምናለ ሲነሣ አግዳሚው ተገለበጠ። "አሁንም ይህ አፍሽ" አለ። ሽመሉን ጥሎ ዘለለባትና አገጯን በግራ እጁ ጨምድዶ ያዘ። ያዘ ብቻ አይደለም፤ ያንን የተቃና አጥንት ወደ ዱሮው ሊመልሰው እንደፈለገ ወደ ጎን ጠመዘዘው። የብርጓል ብረቱ ሥጋዋ ውስጥ ሲላወስ ተሰማት። ዓይኗ ጨለመ። ፒንሳዋ እጇ ላይ ነበረች፤ ባገኘችው ቦታ ሰካችው። ክንዱ ውስጥ ገባች። ምናለ ጮኾ ለቀቃትና ሽመሉን ከመሬት አፈፍ አድርጎ አነሣ።

በዚህ ጊዜ ቄስ ወልደ ሰንበት መሐል ገቡ። እንዴት ባለ ፍጥነት እንደተነሡ ኋላ እርሳቸውም አላወቁትም። እጆቻቸውን ዘርግተው "በእግዚአብሔር" ሲሉ ለየብርጓል የታሰበው ሽመል ግንባራቸው ላይ አረፈ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ጭቃው ላይ ተንከባለለ። ነጩ ጢማቸው ወዲያው ቀላ። ተንበረከኩ፤ ከዚያ በጎናቸው ወደቁ።

ምናለ ያደረገውን አይቶ ደነገጠ፤ ወደ በሩ ዞረ። ባዘዘው ግን ያልተላገ ጣውላ አንሥቶ ጀርባው ላይ አሳረፈበት። ተያያዙ። ምናለ በክርኑ የባዘዘውን ቅንድብ ተረተረው። እየተንከባለሉ ጣውላው ክምር ላይ ወደቁ፤ ክምሩ ተናደባቸው። ባዘዘው ቀድሞ ተነሣ። ዓይኑን ደም ሸፍኖታል። በእጁ የመጣለት መዶሻ ነው። ምናለን ደረቱ ላይ በጉልበቱ ተጭኖ መዶሻውን ወደ ላይ አነሣው፤ ምናለም ክንዱን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ "ማረኝ" አለ።

የብርጓል መዶሻውን በያዘው የወንድሟ ክንድ ላይ ተንጠለጠለች። በሙሉ ክብደቷ፣ እግሯ መሬት እስኪለቅ። "ተው" አለች፤ በየቃሏ ደም ይረጫል። "ተው ባዘዘው። አንተ እስር ቤት ከገባህ አርሴማን ማን ያመጣልኛል?" ባዘዘው አልሰማትም ነበር። ፊቱን በደሟ ካጨቀየችው በኋላ ነው ወደ ራሱ የተመለሰው። መዶሻውን ለቀቀና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ፖሊስም ወዲያው ደረሰ። "የቄስ ደም ፈሰሰ" ተብሎ ሰፈሩ ተናውጦ ነበር። ምናለን እጁን አስረው ሲወስዱት ሴቶች አፈር ይበትኑበታል። የብርጓል ሂዊ ደረት ላይ ተደግፋ አየችው። ለእሷ መንጋጋ በሦስት ዓመት ያልመጣው ሕግ ለቄሱ ግንባር ሰዓት አልፈጀበትም። ይህን ኋላ ለሂዊ ስትነግራት አልተማረረችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው።

ባሕር ዳር በድጋሚ ወሰዷት። ዶክተር ፍሥሐ አዲሱን ራጅ ብርሃኑ ላይ ሰቀለው። ከብረቱ ማሰሪያዎች አንዱ ላልቷል፤ አጥንቱም በጥቂቱ ሸሽቷል። እንደገና አስተኝቶ እንደገና አሰረው። "ሙሉ በሙሉ እንደ ዱሮሽ ላይሆን ይችላል" አላት። "ትበያለሽ። ትናገሪያለሽ። ስታዛጊ ግን ቀኝሽ ጠቅ ይልሻል።" የብርጓል በእጇ ይሁን የሚል ምልክት አሳየችው።

ፍርድ ቤት ቄስ ወልደ ሰንበት ምስክር ሆነው ቆሙ። ግንባራቸው ላይ ስፌቱ ይታያል። ዳኛው ስለ ሽመሉ ጠየቋቸው፤ ተናገሩ። የሚያውቁት ሌላ ነገር ካለ ሲባሉ ስፌታቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ "በቅሎ አልነበረውም። እኔም መንደሩም እናውቅ ነበር" አሉ። ዳኛው ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም፤ ሲብራራላቸው ግን የሴትዮዋም ክስ ተጨመረበት። ምናለ ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። ባዘዘውም ምናለን በጣውላ በመምታቱ በገንዘብ ተቀጥቶ ተለቀቀ።

የብርጓል ጥርሶቿ ገና እንደታሰሩ አርሴማን ልታመጣ ሄደች። ባዘዘው አብሮ እንዳይሄድ እሷው ከለከለችው፤ ከምናለ ዘመዶች ጋር ደም ይቃባል ብላ ፈራች። ከቁይ አብረዋት የሄዱት ጋሽ አማረ ናቸው። መንደሩ መግቢያ ላይ ሲደርሱ፣ "እኔ በዚያኛው ጆሮዬ ብሰማሽ ኖሮ" ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱ ተዉት።

የምናለ እናት እመት አመተ ሥላሴ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። በእጃቸው ድንጋይ ይዘዋል።

"ልጄን አሳሰርሽው" አሉ። "አሁን ደግሞ ልጁን ልትወስጂ መጣሽ?"

ድንጋዩን ወረወሩት። የብርጓል አልሸሸችም፤ ጭኗን መትቶ ወደቀ። አሮጊቷ ሁለተኛ ድንጋይ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ሚዛናቸውን ስተው ጉድፉ ላይ ተቀመጡ። የብርጓል ሄዳ በብብታቸው ይዛ አነሣቻቸው። ፊታቸው ከፊቷ ጋር ተቀራረበ። እመት አመተ ሥላሴ የታሰሩትን ጥርሶች፣ የጠቆረውን አገጭ አዩ። አፋቸውን ከፈቱላት። ከፊት በላይ በኩል አንድም ጥርስ የለም።

"ይህ ያርጅና አይደለም" አሉ። "አባትየው ነው። እኔ ግን ችዬ ኖርኩ።" ከዚያ እጃቸውን ከእጇ መንጭቀው ወደ ጓዳ ተጣሩ። "ነይ ውጪ። እናትሽ መጥታለች።"

አርሴማ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። የብርጓል ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። ልጅቱ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ ቆመችና አያቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

"እናቴ አይደለችም" አለች። "የኔ እናት አፏ እንዲህ ነው።" በትንሽ እጇ የራሷን አገጭ ይዛ ወደ ግራ ጠመዘዘችው።

የብርጓል ብዙ ተመትታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አላገኛትም። "እኔ ነኝ" ልትል ሞከረች፤ በሽቦው መሐል የወጣው ድምፅ ልጅቱን ይበልጥ አስፈራት። አርሴማ ጮኸች። ጋሽ አማረ ሊያባብሏት ሲጠጉ ረገጠቻቸው። በመጨረሻ እመት አመተ ሥላሴ ራሳቸው ከቀሚሳቸው አላቀው፣ እየነከሰቻቸው፣ እስከ ወንዙ ድረስ እየጎተቱ አመጧት። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ለቀቋትና ወደ ኋላ ሳይዞሩ ተመለሱ።

ወንዙ በክረምቱ ደፍርሶ ሞልቷል። ጋሽ አማረ በዱላቸው ጥልቀቱን እየለኩ ቀድመው ገቡ። አርሴማ ውኃውን አየች፣ የአያቷን ጀርባ አየች። ትተዋት የሄዱትን ታውቃለች፣ አጠገቧ ያለችውን ግን አታውቃትም። የብርጓል ፊቷን ልታሳያት አልሞከረችም። ዞር ብላ ጎንበስ አለችላትና ጀርባዋን ሰጠቻት። ልጅቱ ወደ ጀርባዋ ተጠጋች። ከዚያ ወጣችባት።

የብርጓል በነጠላዋ አዝላ መቀነቷን አጠበቀች። ውኃው ጉልበቷን፣ ቀጥሎም ጭኗን ሲመታት፣ ድንጋዩ የመታት ቦታ ጠዘጠዛት። አርሴማ መጀመሪያ ደርቃ ነበር። መሐል ወንዝ ላይ ሲደርሱ ጉንጯን እናቷ ማጅራት ላይ አስደገፈች፤ እዚያ ላይ ያለችውን የቆየች የእሳት ጠባሳ በጣቷ ፈለገችና አገኘቻት።

"የት ነው የምንሄደው?" አለች።

የብርጓል በእጇ ወደ ማርቆስ መንገድ አመለከተች። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ጋሽ አማረ ልጅቱ ትውረድና ትራመድ፣ አንቺ በሽተኛ ነሽ አሏት። አርሴማ አልወርድም አለች። የብርጓልም አላወረደቻትም፤ ዳገቱን እንዳዘለቻት ወጣችው።